«የሚመለከተው አካል» ማን ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሥራ ቦታ ስለ ተጠያቂነት ሲወራ ነገሩ ሁሌ ወደ ቅጣት ይሄዳል። ማን ይባረር፣ የማን ደመወዝ ይቆረጥ፣ ለማን ማስጠንቀቂያ ይጻፍ። እኔ በዚህ አልስማማም። ተጠያቂነት የሚጀምረው ሥራው የተከፋፈለ ቀን ነው፤ ያን ቀን የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ጥፋተኛ ፍለጋ ነው።

እስቲ አንድ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አውጥታችሁ እዩ። «የሚመለከተው አካል ክትትል እንዲያደርግ ተወስኗል» ይላል። ማን? እስከ መቼ? የለም። የተገኘው ሁሉ ፈርሞበታል፣ ሁሉም ሌላው ይሠራዋል ብሎ ወጥቷል። በቀጣዩ ስብሰባ ያው አጀንዳ ይመጣል፣ ሰብሳቢው «ምን ላይ ደረሰ?» ሲል ሁሉም ወረቀቱን ማገላበጥ ይጀምራል፣ ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ «በሂደት ላይ ነው» ይላል። ኧረ ማንም አልጀመረውም!

ይሄ የሰነፎች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዊው ማክስ ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው የገመድ ጉተታ ጥናት፣ ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ እያንዳንዱ ያወጣው ጉልበት ለብቻው ሲጎትት ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ነበር። ከፊሉ ያለመቀናጀት ጣጣ ነው፣ ልክ። ግን እ.ኤ.አ. በ1981 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዊሊያምስ፣ ሃርኪንስና ላታኔ ሰዎችን በቡድን እያስጮኹ ሲፈትሹ፣ የእያንዳንዳቸው ድምፅ ለየብቻ እንደሚለካ ያወቁት በቡድን ውስጥም ሆነው ሳይሰስቱ ጮኹ። ድርሻቸው እንደሚታይ ማወቃቸው በቃ።

ስለዚህ ለአንድ ሥራ አንድ ስም ይጻፍ። አሥር ሰው ሊሠራው ይችላል፣ ሲዘገይ ስልክ የሚደወልለት ግን አንዱ ነው። ያ ሰው ደግሞ የሚወስንበት ነገር ይኑረው። በጀቱንም ሰው መምረጡንም አለቃው ይዞ፣ ውጤቱን ብቻ «ያንተ ነው» ማለት ግፍ ነው።

ስም መጻፉስ ቀላል ነው። ከባዱ ይሄ ነው፦ ሐሙስ መድረስ ያለበት ሥራ እንደማይደርስ ባለቤቱ ሰኞ ያውቃል። ግን አይናገርም። ባለፈው የተናገረችው ባልደረባው በሰው ፊት ስትዋረድ አይቷላ። «እሺ፣ ይደርሳል» ይላል፣ ማክሰኞም «ይደርሳል»፣ ረቡዕ ማታ አለባብሶ ይጨርሰዋል፣ ሐሙስ ሁሉም ሰው ላይ ይፈነዳል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ሰኞ ቢናገር ኖሮ እኮ የሚያግዘው ሰው ይመደብለት ነበር፣ ወይም ለደንበኛው ቀድሞ ይነገረው ነበር።

በአቪዬሽን ያሉት ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ናሳ የሚያስተዳድረው የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት አለ። አብራሪው ሆን ብሎ ያልፈጸመውን ጥሰት በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ካሳወቀ ቅጣቱ በአብዛኛው ይቀርለታል፤ አደጋና ወንጀል ሲሆን ግን አይሠራም። ይህ ማለባበስ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ከዚህ የጠነከረ ተጠያቂነት አላውቅም፣ ምክንያቱም ስህተቱ ሰው ሳይጎዳ ይወጣል። ያው ስህተት እየተደጋገመ ሲመጣ፣ ወይም ሰው አውቆ ሲደብቅ፣ ያኔ ቅጣት ይምጣ፤ ማንም አይቃወምም።

አንድ ነገር ለአለቆች። የሠራተኛው ሪፖርት በአንድ ቀን ሲዘገይ ይጠየቃል፣ የእናንተ ፊርማ ለሳምንታት ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ግን ማን ይጠይቃችኋል? ሠራተኛው ይህን ያያል፣ ባይናገርም ይቆጥራል። የሚቀጥለውን ስብሰባ ከራሳችሁ ስም ጀምሩት፤ ምን ቃል እንደገባችሁ፣ ምኑ እንዳልተሠራና መቼ እንደሚያልቅ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

አንባቢያችሁ