ከሐይቅ እስከ አርዲቦ በእግር

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እትዬ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስንት ዘመን ተጠፋፋን! ማን ማንን ረሳ ብለን ከጀመርን ደብዳቤው እዚያው ያልቃልና እንለፈው። ጦርነቱ፣ ኑሮው፣ የስልክ መቀያየሩ... ታውቀው የለ። አብሽር።

ለእህቴ ልጅ ደውለህ «ልጆቹን ይዤ ልመጣ ነው፣ ወሎ ውስጥ ግን መዝናኛ የት አለ?» ብለኸዋል አሉ። ሳቄ መጣ። ቢሾፍቱ አበላሽቶሃል! የመዋኛ ገንዳና የልጆች ዥዋዥዌ ከሆነ የምትፈልገው እዚያው ቅር። ውሃና ዛፍ ከሆነ ግን ና። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ፦ በእግራችሁ ትሄዳላችሁ።

እሁድ እሁድ የደሴ ሰው ሐይቅ ነው የሚውለው፤ የከተማዋም የውሃውም ስም ሐይቅ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሚኒባሱም ባለ መኪናውም ይጎርፋል። ሰዉ መኪናውን ውሃው አፍ ላይ ይደቅናል፣ ዓሣውን ይበላል፣ ፎቶውን ይነሳል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። ሐይቅን አየሁ ይላል! አንዱ ቤት ደግሞ ስፒከሩን ወደ ውሃው አዙሮ ይለቀዋል። ስሙን አልጠራም፣ ስትመጣ በጆሮህ ታገኘዋለህ።

አንተ በጠዋት ግባ። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ከዳር ቆመህ እይ። ዓሣ አራጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በጅራቱ ይዞ ቅርፊቱን ወደ ጭንቅላቱ ሽቅብ ይፍቀዋል። ቅርፊቱ እንደ ብልጭልጭ ወረቀት እጁ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ሆዱን ሰንጥቆ አንጀቱን በአንድ ጣት ይመዘውና ወደ ኋላው ሳያይ ይወረውራል። አሞራው መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል። ልጆችህ ከዚህ ትርኢት የሚነቃነቁ አይመስለኝም። የሚገርመው ደግሞ ያ ቆሮሶ የሐይቁ ተወላጅ አለመሆኑ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። የድሮው ነዋሪ አምባዛው ነው። አያቶቻችን «የሐይቅ ቆሮሶ» ብትላቸው አይገባቸውም ነበር።

እስጢፋኖስ ገዳምን ማየት ትፈልግ ይሆናል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተማሩበት የሚባለው ቦታ ነው። ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን በእግር ይገባል። አፈ ታሪኩን ለልጆቹ ንገራቸው፦ የተበደለች ነፍሰ ጡር ነበረች አሉ፤ ፈጣሪ ፍርድ ሲሰጣት አካባቢው ሁሉ ውሃ ሆነ፣ እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ቀረ፣ ገዳሙም እዚያ ላይ ተተከለ። የሚገርመው ግን ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። እና ባለቤትህንና ልጅህን ውጭ አቁመህ አንተና ወንዱ ልጅ ትገባላችሁ? የናንተ ጉዳይ ነው፣ እኔ እንኳ ሙስሊም ነኝና አልገባበትም። ብጠየቅ ግን ያን ቀን ሁላችሁም አንድ ላይ ዋሉ እላለሁ። ገዳሙን ሌላ ጊዜ ብቻህን መጥተህ ትሳለመዋለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መኪናውን ሐይቅ ከተማ አቁምና ወደ አርዲቦ እንውጣ። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ የተኛ ሌላ ሐይቅ ነው። ከእሱ የሚወጣው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ እዚህ ይገባል፤ ከሐይቅ ግን ወደየትም የሚወጣ ወንዝ የለም። ጥልቀቱም ዋዛ አይደለም፣ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ «ዋና እችላለሁ» የሚል ልጅ ካለህ ጀልባ ላይ ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት አታስቀምጠው።

ወሎን ማየት ማለት ለኔ ይቺ የእግር መንገድ ናት ወላሂ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከሆነ ማሽላው ያፈራል፣ ጤፉ ቢጫ ይላል፣ ልጆች ወፍ ሊያባርሩ ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያጮሃሉ። መሐል ላይ አንዲት እናት «ግቡ፣ ቡና ደርሷል» ማለታቸው አይቀርም። እምቢ እንዳትል! አቦሉ እስኪወርድ ዱዓ ይደረጋል፣ ለናንተም ለመንገዳችሁም። ልጆችህ «አሚን» ማለት ይልመዱ፣ ክርስቲያንም ቢሆኑ ማንም አይገርመውም። አርዲቦ ስትደርሱ ስፒከር የለም፣ የሚሸጥ ነገርም እምብዛም ነው። ምሳችሁን ከቤት ቋጥራችሁ ኑ፤ የውሃ ፕላስቲኩን ግን መልሳችሁ ውሰዱ። ከሐይቅ ዳር እንዳይማሩ።

ቦይ ዳር መሄድ ከወደዳችሁ ደግሞ ወደ ወልድያው አቅጣጫ መርሳ እንወርዳለን። ፓፓያው፣ ማንጎው፣ ሽንኩርቱ በመስኖ ነው የሚበቅለው። ባለፈው አንድ ሰውዬ ተራው ደርሶ ውሃ ሲቀበል ቆሜ አየሁ። የላይኛውን መግቢያ በጭቃና በሳር ቁርጥ ደፈነ፣ የራሱን በአካፋ ሁለቴ ቆረሰው። ውሃው አቧራውን እየገፋ፣ ገለባውን ተሸክሞ በእርጋታ ወደ ትልሙ ገባ። ሰውዬው ከፊት ከፊቱ እየሄደ በእግሩ ጣት መንገድ ያሳየዋል። ተራውን የሚያከፋፍል የውሃ አባት አለ። በሌሊት የደረሰበት ባትሪ ይዞ ያድራል። ስለዚህ ልጆቹ ቦዩን በድንጋይ እየገደቡ እንዳይጫወቱ። ታች ያለው ሰው ውሃው ሲቀንስበት አካፋውን እንደያዘ ነው የሚመጣው።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛው ቀልድ አይደለም። ቦዩ ውስጥም ሐይቁ ዳር ሳር ውስጥም እግራቸውን አይንከሩ። እኛ እንደዚያ ስንንቦጫረቅ ያደግንበት ውሃ ቢልሃርዚያ አለበት። ሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ በጥናት ጭምር ታይቷል። ትሉ ትናንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና የሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሲቆይ አንጀትና ጉበት ይጎዳል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ ያድናል፤ ተመልሶ ለገባ ሰው ግን በሽታውም ይመለሳል። ገበሬው ምርጫ የለውም፣ ሥራው ውሃው ውስጥ ነው። የናንተ ልጆች ግን ሸራ ጫማ አድርገው ከዳር ይሂዱ።

ጫካ ካላችሁ የጎፍ አለላችሁ። ከኮምቦልቻ ቀና ስትል የምታየው ተራራ ነው። ጽድና ወይራ አሁንም አለው። ከታች ባሕር ዛፉን አልፈህ እዚያ ስትገባ አየሩ ራሱ ይቀየራል። የወይራ ቅርንጫፍ ግን እንዳትሰብሩ፣ ለጭስ የሚሆን ገበያ ላይ ይሸጣል። እሳትም አይነድም። ጥበቃዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ቀድመህ ሰላም ብትላቸው መንገዱንም ያሳዩሃል።

ቦረና ሳይንት ወረኢመኖ ፓርክን፣ ያ እኛ ደንቆሮ ጫካ የምንለውን፣ ለዚህ ጊዜ ተወው። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ ነው፤ ግን ሩቅ ነው፣ ያስድራል፣ ይበርዳል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳልጠይቅም ልጆች ይዤ አልሄድም። ማይባርን ከፈለግህ ግን ቅርብ ነው፣ ከደሴ በስተደቡብ፣ አልቡኮ ውስጥ። ትንሽዬ ሐይቅ ናት። በ1970ዎቹ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶባት ዝናብ ከየማሳው ስንት አፈር እንደሚያጥብ ሲለካባት ኖሯል። ልጅህ ሳይንስ ትወዳለች ብለውኛል፣ ለሷ ትሆናለች።

ማረፊያ አትፈልግ፣ እኛ ጋ ነው የምታርፉት። ባለቤቴ ገና ሳትጠየቅ ፍራሽ እያስታጠበች ነው። የልጆቹን የጫማ ቁጥር በቴሌግራም ላክልኝ፣ ሸራውን ከዚሁ ገበያ እገዛለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ በእጥፍ እንዳታወጣ። ከመነሳትህ በፊትም ደውል፣ ሚኒባስ መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ።

ወንድምህ፣ ደሴ