ለቅዳሜው ውይይታችን፦ አብራሪው ቼሻየር

ውድ አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ የምንነጋገረው ስለ ሌናርድ ቼሻየር ነው። ስሙን ብዙዎቻችን የምናውቀው መናገሻ ካለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማዕከል ነው። ሰውየው ግን የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 100 ጊዜ ያህል ለግዳጅ በሯል። ገና በ25 ዓመቱ ከኮሎኔል የሚስተካከል ማዕረግ ደረሰ። ቢሮ መቀመጥ ግን አልሆነለትም። ማዕረጉን ዝቅ አስደርጎ ወደ በረራ ተመለሰ፤ 617ኛ ስኳድሮን የተባለውን የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ቡድንም መራ። ለሌሎቹ አውሮፕላኖች ዒላማ ለማመልከት በጣም ዝቅ ብሎ ይበር ነበር። በ1944 ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ሲሸለም፣ ሽልማቱ ለአንድ ቀን ጀብዱ ሳይሆን ለ4 ዓመት ጽናት ነበር። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

በ1945 ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል በታዛቢነት ከሌላ አውሮፕላን ላይ ሆኖ አይቷል።

ከዚያስ? በ1948 በካንሰር ሊሞት የተቃረበ፣ መሄጃ የሌለው ሰው ነበር። ቼሻየር ወደ ቤቱ ወስዶ በገዛ እጁ አስታመመው። ሌሎች ሕሙማንም ተከተሉ፤ ቤቱ ሞላ። እሱ ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንኳ ሥራው አልቆመም። ሥራው በ1960ዎቹ ኢትዮጵያም ደረሰ፤ በፖሊዮ የተጎዱ ልጆችም ታከሙበት። ቼሻየር በ1992 አረፈ።

መናገሻ የታከመ ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ታሪኩን ጠይቃችሁ ኑ። ፎቶ ካለም ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል።