ደብዳቤ ለልጄ፦ ከኢንተርቪው በኋላ

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ትናንት ማታ እያለቀስሽ ስለነበር በስልክ ብዙ ማውራት አልፈለግሁም። «አባዬ፣ ፊታቸው ላይ አየሁት፣ አልወደዱኝም» ያልሽው ግን ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም። አንዱ ስልኩን ሲነካካ፣ ሌላዋ አቋርጣሽ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ስታልፍ፣ በመጨረሻም «እንደውልልሻለን» ብለው ሲሸኙሽ፣ ወድቄያለሁ ብለሽ ደመደምሽ። እኔ በቅጥር ኮሚቴ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። አሁን ሐምሌ ነው፤ በጀቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የፋይናንስ ሰው ሁሉ በሂሳብ መዝጊያ የሚዋከብበት ወር። በዚህ ሰሞን አንድ ኃላፊ ስልኩን አየ ማለት አንቺን ናቀ ማለት አይደለም። አቋርጦ ማለፍም ብዙ ጊዜ ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሲበዛ የሚመጣ ነው። ነጥቡ የሚሞላው ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱን ደግሞ አላየሽም።

የባንክ ሪኮንሲሌሽኑን፣ ማለትም የባንኩን ሂሳብ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር የማስታረቁን፣ ጥያቄ ግን በድንጋጤ ሳትጨርሺው ቀርተሻል። እሱን ዛሬውኑ ማሟላት ይቻላል። ለጠራሽ የሰው ሀብት ባለሙያ አጭር ኢሜይል ላኪ፦

«ትናንት ለጁኒየር አካውንታንት መደብ ለቃለ መጠይቅ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ስለ ባንክ ሪኮንሲሌሽን የጀመርኩትን መልስ ለማሟላት ያህል፦ ተጽፈው ለባንክ ያልቀረቡ ቼኮች ከባንኩ ቀሪ ሂሳብ ይቀነሳሉ፤ ገቢ ተደርጎ ባንኩ ገና ያልመዘገበው ገንዘብ ይደመራል፤ የባንክ አገልግሎት ክፍያ የሚቀነሰው ግን ከድርጅቱ መዝገብ ነው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ይቅርታ አትጠይቂ፣ ስለ ድንጋጤሽም አታብራሪ።

«የማግባት ሐሳብ አለሽ ወይ?» መባልሽ አናዶኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴትን በጾታዋ ምክንያት መለየት ይከለክላል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዝ የሚሰጠውም በዚሁ አዋጅ ነው፤ አንዳንዱ ቀጣሪ የሚጠይቀው ይህን ወጪ ፈርቶ ነው። ሌላ ቦታ ቢገጥምሽ «የቤቴ ጉዳይ ሥራዬን አያስተጓጉልም፤ የወር መዝጊያ ሪፖርት በሰዓቱ አደርሳለሁ» ብለሽ ወሬውን ወደ ሥራው መልሺው። እዚህ ቢቀጥሩሽ ደግሞ ጠያቂው የቅርብ አለቃሽ የሚሆን እንደሆነ አጣሪ። እሱ ከሆነ ሳትፈርሚ እንነጋገርበት።

ውጤቱ መቼ እንደሚነገር ሳትጠይቂ ወጥተሻል። በሳምንቱ ካልደወሉ አንድ ጊዜ ረፋድ ላይ ደውይ፤ «ውጤት የሚገለጽበትን ቀን ለመጠየቅ ነው» በይና አመስግነሽ ዝጊ። አጎትሽ እዚያ የማውቀው ሰው አለ ብሎ ነበር፤ ተው አልኩት። በራስሽ ፈተና አልፈሽ ነው እዚህ የደረስሽው፣ ስምሽ ከዚያ ጋር እንዲነካካ አልፈልግም።

ሌላ ቦታ ማመልከቱን አታቁሚ። የእሁዱን ሪፖርተር ጋዜጣ ገዝቼ ለአንቺ የሚሆኑትን መደቦች አክብቤያቸዋለሁ፤ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። የመመዝገቢያ ቀናቸው ቅርብ ነውና ዶክመንቶችሽን ዛሬ ኮፒ አድርጊ።

አባትሽ