ጣሳውን ከመቀየራችሁ በፊት ማንኪያውን እዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የዱቄት ወተት የሚጠጣ ሕፃን ሆዱ ሲነፋ ወይም ሰገራው ሲደርቅ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወተቱን ነው። “አልተስማማውም” ይባልና ሌላ ጣሳ ይገዛል፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የመለኪያ ማንኪያው ነው።

ከአውሮፓ የሚገቡት አብዛኞቹ ጣሳዎች ማንኪያቸው ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ የተሠራ ነው፤ 4.5 ግራም ገደማ ይይዛል። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚልከው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ60 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ8 ግራም በላይ ይይዛል። የአሜሪካው ጣሳ ሲያልቅ ማንኪያው ታጥቦ ለአውሮፓው ካገለገለ፣ በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አምስቴ ሲጨመር ወተቱ እጥፍ ሊወፍር ምንም አይቀረውም። ሰገራው ጠጠር የሚሆነው፣ ልጁም ውሃ የሚያጥረው ያኔ ነው። ማንኪያዎቹ በተቃራኒው ከተለዋወጡ ወተቱ ይቀጥናል፣ ሕፃኑ ርቦት ያለቅሳል፤ ቤት ውስጥ ግን “ቁርጠት ነው” ይባላል። ስለዚህ ማንኪያው ከጣሳው ጋር መጥቶ ከጣሳው ጋር ይጣል። ሲለካም ዱቄቱ ሳይጠቀጠቅ አፉ በቢላ ጀርባ ይስተካከል።

ውሃው ይቅደም። አራት ማንኪያ ዱቄት መጀመሪያ ጨምሮ ጡጦውን እስከ 120 መስመር በውሃ የሚሞላ ሰው ያስገባው ውሃ ከ110 ሚሊ ሊትር በታች ነው፤ ዱቄቱ ቦታ ይይዛላ!

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ውሃው ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ፣ ከፈላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይበጥበጥ። ከዚያ ጡጦው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይብረድ፤ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር ነው። አረፋው እስኪተኛ መታገሥም ያስፈልጋል፤ አረፋ ማለት ሕፃኑ የሚውጠው አየር ነው። የተረፈ ወተት ይደፋ።

ጡጦው ሲዘቀዘቅ ወተቱ ጠብ ጠብ ማለት አለበት። ከፈሰሰ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ልጁ እየተጣደፈ አየር ይውጣል፣ ከዚያ ያቀረሻል። መጠኑም በቀን በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 5 ኪሎ ለሚመዝን 750። ባለቀሰ ቁጥር ጡጦ ማጉረስ ሆዱን ይነፋዋል።

በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ሰገራው ጡት ከሚጠባው ጠንከር ማለቱ ያለ ነው። አሥር ደቂቃ እያማጠና እያለቀሰ ቆይቶ ለስላሳ ሰገራ ከወጣው ድርቀት አይደለም፤ መግፋትን ገና እየተለማመደ ነው። ጤና አዳም፣ የአብሽ ውሃ፣ ቅቤ አያስፈልገውም።

ሰገራው ደም ወይም ንፍጥ ካለው ግን የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ላክቶስ (የወተት ስኳር) የሌለው ወተት ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፣ የፍየልም እንዲሁ። አረንጓዴ ካስመለሰው ወይም ሆዱ ተወጥሮ አልጠባም ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ፈቃዱ ሲያልቅ ጡጦው ወደ ሞግዚት እጅ ይገባል፤ የጣሳው ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ በማታነበው ቋንቋ ነው። ፋርማሲዎች ሲሸጡ ክዳኑ ላይ በማርከር “1 ማንኪያ ለ30” ወይም “ለ60” ብለው ቢጽፉበት ምን ይጎድልባቸዋል?

የሕፃናት ነርሶች፣ ከአዲስ አበባ