ከጎንዶሮው በፊት እውነቱ ይጣራ

ክቡር አዘጋጅ፣

በጌዴኦና በጉጂ መካከል ስለሚደረጉ ዕርቆች የሚቀርቡ ዘገባዎች ብዙውን ጊዜ በአባ ገዳዎች ምርቃትና በባለሥልጣናት ንግግር ስለሚያበቁ፣ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ተንጠልጥሎ የሚቀረውን ጉዳይ ላነሳ እወዳለሁ።

ሁለቱ ሕዝቦች ከወንድማማቾች እንደሚወለዱ አፈ ታሪካቸው ይናገራል፤ ተጋብተዋል፣ በአንድ ገበያም ይገበያያሉ። የጌዴኦ መሬት በእንሰትና በቡና የተሸፈነና ሕዝብ የበዛበት በመሆኑ፣ ብዙ ገበሬ ወደ ጉጂ ወረዳዎች ዘልቆ ቡና እያለማ ኖሯል። የመሬቱ ጥበት የቆየ ችግር ነው። የመረረው ግን ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአስተዳደር ወሰን በብሔር ሲካለልና እዚያው ተወልዶ ያደገ ገበሬ እንደ መጤ መታየት ሲጀምር ነው። በ1987 እና በ1990 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በሚያዝያ የተፈናቀሉት ወደ ቀያቸው ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ በሰኔ ግጭቱ አገርሽቶ፣ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። የሚበዙት ጌዴኦዎች ናቸው፤ ቤታቸውን ያጡ ጉጂዎችም ግን ነበሩ፤ የእነሱም ሐዘን ሊዘለል አይገባም።

ሁለቱ ሕዝቦች ደም የሚያደርቁበት ጎንዶሮ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አላቸው። በሥርዓቱ ጥፋተኛው ጥፋቱን ማመን አለበት፤ ጥንካሬውም ከዚህ ይመነጫል። ሆኖም ጎንዶሮ የሚስማማው ገዳይና ሟች ተለይተው ለሚታወቁበት ጥል ነው። መንደር ሙሉ ሲቃጠል ማን እንዳነሣሣ፣ የትኛው ሹም አይቶ እንዳላየ እንደሆነ ማጣራት ከሽማግሌ አቅም በላይ ነው፤ ሽማግሌው የመሬት መዝገብም ሆነ የመክሰስ ሥልጣን የለውም። ይህ ሳይጣራ በ2011 ዓ.ም. ብዙ ተፈናቃዮች ርዳታ እየተቋረጠባቸው እንዲመለሱ መደረጉ፣ በእኔ እምነት፣ ዕርቁን ጎድቶታል፤ የፈራ ሰው ከልቡ ይቅር ሊል አይችልምና።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነትን ማፈላለግን፣ ተጠያቂነትንና ማካካሻን ያካትታል። ስለዚህ የኦሮሚያና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች በዚህ መሠረት በጌዴኦው ገደብ ወረዳና በጉጂው ቀርጫ ወረዳ የጋራ መርማሪ እንዲያሰማሩ፣ የተወሰደውንና የወደመውን የቡና ማሳ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ጋር እንዲመዘግቡ እጠይቃለሁ። አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ስለሚፈጅ፣ ካሳው የአንድ ምርት ዋጋ ብቻ ሊሆን አይገባም። ጋዜጣችሁም ቀጣዩን ጎንዶሮ ሲዘግብ፣ ስንት ማሳ ለባለቤቱ እንደተመለሰና ስንት ተጠርጣሪ ለፍርድ እንደቀረበ ጠይቆ ቢያሳውቀን እወዳለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከዲላ