ጥበብ ከ«ጠባብ» አልመጣም

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሰሞኑን ስለ ቃላት አመጣጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄ ነው ያነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አልኩ። ጸሐፊው «ጥበብ» የመጣው «ጠበበ» ከሚለው ግስ ነው፤ ጠቢብ ማለትም ሐሳቡን አጥብቦ አንድ ነገር ላይ የሚያተኩር ሰው ነው ይላሉ። ሲሰሙት ደስ ይላል። ልክ ግን አይደለም።

ግዕዝ ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያውቃቸው። የመጥበብ ቃል በጸ ነው የሚጻፈው። ወንጌሉ በጠባቡ በር ግቡ የሚለው በግዕዙ «ጸባብ» ነው። ትግርኛም እስከ ዛሬ ጠባቡን «ጸቢብ» ይላል። ጸን ወደ ጠ ያመጣው አማርኛ ነው፤ ጸጉር ጠጉር፣ ጸሎት ጠሎት እንደተባለው። ጥበብ ግን ከሥሩም በጠ ነው። ሁለቱ ቃላት አማርኛ ውስጥ ሲገናኙ መንታ መሰሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

የሥጋ ዘመዱ ዓረብኛ ውስጥ አለ። እዚያ «ጠቢብ» ማለት ሕመምተኛ የሚያክም ሰው ነው። እኛ ደግሞ ይህንኑ ሰው «ሐኪም» እንላለን። ሐኪም ከዓረብኛ የወሰድነው ቃል ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ጥበበኛ ነው። ይህን ባወቅኩበት ቀን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስነግር ነው የዋልኩት።

የኛ ጥበብ ደግሞ ጭንቅላት ላይ ብቻ አይቀርም፤ እጅ ላይም ይወርዳል። በዘጸአት መጽሐፍ ባስልኤል የጥበብ መንፈስ የተሞላው ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራ፣ ዕንቁ እንዲቀርጽ ነው። የእናቶቻችንን ቀሚስ ጠርዝ ተመልከቱት። ያ በቀለም ክር የተሠራው ጌጥ ስሙ ጥበብ ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ድሩን በጣቱ እየለቀመ፣ የቀለሙን ክር እያስገባ፣ መስመር በመስመር ያወጣዋል። አንዲት ክር ከሳተ አበባው ይጣመማል። ቀሚስ የምትገዛ ሴትም መጀመሪያ የምትጠይቀው «ጥበቡን እስቲ አሳየኝ» ብላ ነው።

አሁን ልቤን ወደሚያምመው ልምጣ። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ ጠቢብ ነው። መሐል ያለችው ብ ላልታ ነው እንጂ ሌላ ቃል አይደለም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላውን የሚሠራልንን ሰው ያወቀ፣ የተራቀቀ ብለን ጠራነው። ከዚያ በዚያው ስም ሰደብነው። ቡዳ ነው አልን፤ ልጃችንንም አንድርለትም አልን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብን ከልክለው ነበር። እኔ ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ በተወለድኩበት ዘመን፣ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ በአባቱ ሥራ ምክንያት ጠይብ ሲባል ሰምቻለሁ። መልስ አልሰጠም። ደብተሩን ዘግቶ ወጣ። እኔም አፌን አልከፈትኩለትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያውን ስህተት በሚቀጥለው እትም አርሙልን። ሁለተኛ፣ ስለ ጥበብ ስትጽፉ ፈላስፋውንና ገጣሚውን ብቻ አትጥሩ። አንድ ቀን ወናፍ የሚነፋ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው አነጋግሩና ከርእሱ ላይ «ጠቢብ» ብላችሁ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ