ለደንበኞቻችን፦ «ባዶ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህ ደብዳቤ ከስቴት ወደ ስቴት ቤት ለምትቀይሩ ነው። በተለይ ከዚህ ከቨርጂኒያ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ለምትሄዱ። ጉዳዩ ጠመንጃ ነው።

ሾትገን ወይም ራይፍል፣ ማለትም ረጅም ጠመንጃ፣ ያላቸው ደንበኞቻችን እየበዙ መጥተዋል። ገሚሱ ለአደን፣ ገሚሱ ቤት ለመጠበቅ የገዛው ነው። ነገሩ የሚወጣው ዕቃ ሲጫን ነው። አብረውን የሚሠሩት ልጆች ፍራሹን ሲያነሱ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ከስር ይገኛል። ባለቤቱ ሮጥ ብሎ ይመጣና «አይዟችሁ፣ ባዶ ነው» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን ባዶ መሆኑን ብቻ ጠይቆ አያልፍም።

አስቀድመን የእኛን አቋም እንንገራችሁ። ጠመንጃም ጥይትም በትራካችን አንጭንም። ይህ የቤታችን ደንብ ነው እንጂ ሕጉ ጨርሶ አይከለክልም። የፌዴራሉ ሕግ የሚለው፣ ጠመንጃ ከስቴት ወደ ስቴት በአጓጓዥ የሚልክ ሰው ለአጓጓዡ በጽሑፍ ያሳውቅ ነው። ሳይናገሩ ዕቃ መሃል መሸጎጥ ያስከስሳል። ታዲያ ካሳወቅናችሁ ለምን አትጭኑም ትሉን ይሆናል። አንደኛ፣ ትራኩ መንገድ ላይ የሚያድርበት ሌሊት አለ። ሁለተኛ፣ አብረውን የሚሠሩት ልጆች የመኖሪያ ወረቀት አንድ ዓይነት አይደለም። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ነገር ከሌለው በቀር፣ ጥይት እንኳ መያዝ አይፈቀድለትም። የእናንተን ሳጥን ተሸክሞ ደረጃ ስለወረደ ብቻ ጣጣ ውስጥ እንዲገባ አንፈልግም።

ስለዚህ ጠመንጃው በራሳችሁ መኪና ከእናንተ ጋር ይሄዳል።

ለዚህ የሚጠቅማችሁ እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት የፌዴራል ሕግ ነው። በምትነሱበት ቦታ ጠመንጃውን መያዝ ከተፈቀደላችሁ፣ በምትደርሱበትም ከተፈቀደላችሁ፣ መሃል ያለው ስቴት ጥብቅ ቢሆንም ማለፍ ትችላላችሁ። ግን ጠመንጃው ጥይት የጎረሰ መሆን የለበትም። ጠመንጃውም ጥይቱም ከተቀመጣችሁበት ሆናችሁ እጃችሁ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣሉ። መኪናው ሴዳን ከሆነ ትራንክ ውስጥ መክተት ነው፣ አለቀ። ችግሩ፣ እኛ ሰዎች ሚኒቫንና ኤስዩቪ እንወዳለን። የእነዚህ መኪኖች የኋላ መጫኛ ከተሳፋሪው ጋር አንድ ክፍል ነው። እንዲህ ሲሆን የተቆለፈ ሳጥን ግድ ይላል። ግላቭ ቦክስና በፊት መቀመጫዎች መካከል ያለው ኮንሶል ቢቆለፉም አይቆጠሩም።

ባዶ ስንል ደግሞ ከምር ባዶ። ካርታውን፣ ማለትም ጥይት የሚደረደርበትን ተነቃይ መያዣ፣ ንቀሉት። ፓምፕ ሾትገን ከሆነ፣ ከአፈሙዙ በታች ባለው ቱቦ ውስጥ የተደረደሩትን ጥይቶች አንድ በአንድ አውጥታችሁ በጣታችሁ ዳስሱት። ብዙ ሰው ጠመንጃው የጎረሰውን ጥይት አውጥቶ ቱቦውን ይረሳል። በሜሪላንድ ሕግ መኪና ውስጥ ያለ ራይፍል ወይም ሾትገን ካርታው ወይም ቱቦው ውስጥ ጥይት ካለ የጎረሰ ነው። ፔንሲልቬንያም የጎረሰ ረጅም ጠመንጃ በመኪና መያዝን ትከለክላለች። ለአጋዘን አደን ወደዚያ የምትመላለሱ ይህን ልብ በሉ። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ጉዳዩ ለካውንቲና ለከተማ ደንብ የተተወ ነው። ከከለከሉ ቅጣቱ እስከ 100 ዶላር ነው፤ ቀላል ነው ብላችሁ ግን ወንዙን ወደ ሜሪላንድ እንዳትሻገሩበት።

ስለ ጓጉንቸርም አንድ ነገር እንበል። ዚፕ ብቻ ያለው የጨርቅ ማኅደር ለትራንክ ይበቃል የሚሉ አሉ። ሌላ የፌዴራል ሕግ ግን ከትምህርት ቤት ግቢ በ1,000 ጫማ ክልል ውስጥ ጠመንጃ መያዝን ይከለክላል። ያልጎረሰ ሆኖ በተቆለፈ ሳጥን ወይም በተቆለፈ የመኪና ጠመንጃ መደርደሪያ ላይ ከሆነ ግን ያሳልፋል። ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት አጠገብ ሳያልፉ መንዳት የሚቻል አይመስለንም። ስለዚህ የምንመክረው ጠንካራ ሳጥን፣ በጓጉንቸር፣ ትራንክ ያለው መኪና ቢሆንም ነው። ጥይቱንም ለብቻው ቆልፉት። ሕጉ ለብቻው አላለም፤ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ግን ጭቅጭቁን ያሳጥራል።

አሁን መንገዱን እንመልከት። ከአሌክሳንድሪያ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ሜሪላንድ ስትሻገሩ የዊልሰን ድልድይ መሃሉ ላይ የዲሲን ጥግ ይነካል። ለጥቂት ሰከንድ ዲሲ ውስጥ ናችሁ። ዲሲ ማንኛውም ጠመንጃ እንዲመዘገብ ትጠይቃለች፤ ለሚያልፍ ሰው ግን የራሷ ሕግ ከፌዴራሉ ጋር ተመሳሳይ ነው፦ ያልጎረሰ፣ እጅ የማይደርስበት፣ ትራንክ ከሌለ የተቆለፈ። ዋናው ጥያቄ መድረሻው ነው። ኒው ጀርሲ ለረጅም ጠመንጃም የጠመንጃ ገዢ መታወቂያ ካርድ አላት። ማሳቹሴትስ ፈቃድ ትጠይቃለች። የኒው ዮርክ ከተማ ለራይፍልና ለሾትገን የራሷ ፈቃድ አላት። ጠመንጃው ቢፈቀድም ካርታው ላይፈቀድ ይችላል፤ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዘውን ከልክለዋል። መድረሻችሁ ላይ ካልተፈቀደላችሁ የ1986ቱ ሕግ አያድናችሁም። ከመነሳታችሁ በፊት የዚያን ስቴት ፖሊስ ድረ ገጽ እዩ። ሕጉ ይለዋወጣል፤ እኛም ጠበቃ አይደለንም።

መንገድ ላይ ማደር ሌላው ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የዩታ ነዋሪ ወደ ፔንሲልቬንያ ሲጓዝ ኒው ጀርሲ ባለው የኒውአርክ አየር ማረፊያ የሚቀጥለው በረራ አመለጠው። ሻንጣው ውስጥ በተቆለፈ ሳጥን ያልጎረሰ ሽጉጥ ነበረው። ሻንጣውን ተረክቦ ሆቴል አደረ። በማግስቱ አየር ማረፊያ ሄዶ ሽጉጥ እንዳለው ራሱ ተናገረ። ታሰረ፤ ለቀናት። ክሱ በኋላ ተነሳለት፤ እሱ ደግሞ በፊናው ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 ፈረደበት፦ ሆቴል ባደረበት ሌሊት ሻንጣው እጁ ላይ ስለነበር ሕጉ አይጠብቀውም ተባለ። ሽጉጥና አውሮፕላን ቢሆንም ነገሩ ለመኪናም ያው ነው። ሰውየው ያሳዝነናል፤ ፍርዱም ይከብደናል። ግን ኒው ጀርሲን የሚያካትተው ፍርድ ቤት ያለው ይህን ነው። ስለዚህ ቤንዚን ቅዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ቀጥሉ። ማደር ካለባችሁ ሕጉ ላላ ያለበት ስቴት እደሩ፤ ዘመድ ጋ ቢሆንም ኒው ጀርሲ ጠመንጃ ይዛችሁ ጎራ አትበሉ። ኒው ዮርክ ላይ መኪናውን ትታችሁ ከወረዳችሁም ጠመንጃው ባዶ ሆኖ፣ ከውጭ በማይታይ ሳጥን መቆለፍ አለበት።

ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ደስ አይልም፤ ግን ካልነገርናችሁ ማን ይነግራችኋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመዘገበ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚን ጠመንጃ እንዳይዝ ያግዳል። ጫትና ጠመንጃ አንድ መኪና ውስጥ ከተገኙ፣ ለመዝናናት ነው የሚለው ማብራሪያ አይሠራም።

መኪና ለማይነዱ፣ በአውሮፕላን ለሚሄዱ፣ ያልጎረሰውን ጠመንጃ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን አድርገው ለአየር መንገዱ አሳውቀው በሚጫን ሻንጣ መላክ ይችላሉ። በእጅ ሻንጣ በፍጹም።

ከእንግዲህ ቀጠሮ ስትይዙ «ቤት ውስጥ ጠመንጃ ወይም ጥይት አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ቅር አይበላችሁ። አዎ ወይም የለም ነው የምንፈልገው፤ ስንት እንደሆነና ምን ዓይነት እንደሆነ አንጠይቅም፣ አንመዘግብም። «አለ» ካላችሁ ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት መኪናችሁ ውስጥ ቆልፋችሁ ጠብቁን። ጭነት ላይ ካገኘነው ሥራው ይቆማል፤ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ እስኪያነሳው ልጆቹ አይነኩትም። የምንጠብቅበት ጊዜ እንደወትሮው በሰዓት ይታሰባል።

ጥያቄ ካላችሁ ደውሉልን። በሰላም ግቡ።

ከአክብሮት ጋር
የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅታችሁ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ